የግመል ምልክት ያለበት የደለል አጥር

በአጎቴ በሀብተየስ ለቅሶ ላይ ብዙ ሰው ስለ ሙያው ተናገረ። ጅግጅጋ ውስጥ ያቆማቸውን ሕንፃዎች ቆጠሩ፤ ከማኅበር ቀርቶ እንደማያውቅ፣ የታመመ ሳይጠይቅ እንደማያድር አነሱ። ሀርሺን ላይ በሰው ግመል ምልክት አጥር መቅባቱን ግን ማንም አላነሳም። ቄሱ ስለነበሩ ይሆናል። ያኔ አብሬው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ለምልክቱ ካርቶን የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

ጋሼ ነበር የምለው። የእናቴ ወንድም ነው። አባቱ፣ የእኔ አያት፣ ወታደር ሆኖ ጅግጅጋ መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ ጋሼ ግን ሶማሊኛ ሲናገር ፊቱን ያላየ ሰው «የየትኛው ቤተሰብ ነህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። እሱም አንዱን ቤተሰብ መርጦ ይመልሳል። ውሸቱ ሰው አይጎዳም፤ አንዳንዴ ግን ሥራ ያበዛል።

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ሀርሺን ላይ አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት እንሠራ ነበር። እሱ ፎርማን ነው፣ እኔ የስቶር ኃላፊ። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ዓይን ብዙም አያስተውለውም፣ ውኃ ግን ያውቀዋል። ከታች፣ መቶ ሃያ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ የደሃቦ ቢርካ አለ። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ሀርሺን ወንዝ የላትም፤ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ዝናብ ሲጥል ከተዳፋቱ ወርዶ ቢርካ የሚገባውን ነው። በዚያ ድርቅ የደሃቦ ቢርካ ከሁለት ዓመት በላይ ባዶውን ከርሟል። ደሃቦ ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ከቢርካው ሌላ የቀራት ስድስት ፍየልና ምላሷ ነበር።

እኛ ያንን ተዳፋት ገፈፍነው። ሎደሩ ቁጥቋጦውን ነቀለ፣ መሠረቱን ቆፈረ፣ ቀዩን አፈር ከመረና በሦስተኛው ቀን ወደ ጅግጅጋ ተመለሰ። አፈሩ የተከመረው ልክ ከደሃቦ የውኃ መግቢያ በላይ ነው። ለሎደሩ መንገድ የሚያሳጥረው እዚያ ስለሆነ ጋሼ እዚያ አስደፋው።

ደሃቦ በማግስቱ መጣች። ክምሩን አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ንግግር አብዛኛው በሶማሊኛ የተነገረ ነው።

«አንተ ግንበኛ፣ ይህ ክምር የማን ነው?»

«የትምህርት ቤቱ ነው፣ ኤዶ» አላት። አክስቴ ማለቱ ነው፤ በዕድሜ ግን እሱ ይበልጣት ነበር።

«ትምህርት ቤቱ ዝናብ ሲመጣ ተሸክሞት ይሄዳል?»

«ዝናቡ ሳይመጣ እናነሳዋለን።»

«መኪናው ሄደ። በምን ልታነሳው ነው? በጥፍርህ?»

ጋሼ ጥፍሩን አየ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«የመጀመሪያው ዝናብ ይህን አፈር ይዞ ከገባብኝ ቢርካዬን የሚሞላው ገንፎ ነው። ሁለት ዓመት ጠብቄ ገንፎ ልጠጣ? በሬዬን ሸጬ ያስለሰንኩት ቢርካ ነው። በጭቃ ከተሞላ የሚጠርግልኝ ሰው የለኝም። ፍየሎቼን እየነዳሁ ዘመድ ቤት መሄድ ነው።»

«አይሆንም ኤዶ።»

«ከሆነ አንተን ነው የማጠጣህ። ሳላቀዘቅዝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሆነ።

ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ጁነይድ ከጅግጅጋ በየሳምንቱ ይመጣል። ወጣት ነው፤ ጫማው ንጹሕ ነው። እሱም ክምሩን አይቶ ደነገጠና ስድስት ጥቅል ጥቁር ጨርቅ ላከልን። የደለል አጥር ይባላል። ተዳፋቱን አቋርጦ በችካል ይወጠራል፤ ውኃው በጨርቁ ቀስ እያለ ያልፋል፣ አፈሩ ወዲህ ይቀራል። ጁነይድ በወረቀት ሥሎ አሳየን፣ «በመጣሁ ቁጥር ቆሞ ካላገኘሁት ሥራው ይቆማል» ብሎ ሄደ።

ሁለቱን ጥቅል ወጠርን። ጠዋት ስንመጣ ችካሉም ጨርቁም የለም። ሌላ ሁለት ወጠርን። እሱም ሄደ።

መፍረድ አይቻልም። ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ አይበላውም። በድርቁ ከገጠር የመጡ ሰዎች ከከተማው ዳር ጎጆ ቀልሰው ነበር፤ ጣራቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠቆረ። አንድ አህያ ጥቁር ካባ ለብሳ ስታልፍ አይተናል።

ጁነይድ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ጋሼ ወደ ሥራው ቦታ ከመሄዳቸው በፊት ሻሂ ጋበዘው። ሻሂ ቤቱ በራፍ ላይ አዲስ ዳስ ተሠርቷል። ጁነይድ ላቡን ጠርጎ ቀና አለ።

«ጥሩ ጥላ ነው» አለ። «ነፋስ ያሳልፋል።»

«ውኃም ያሳልፋል» አልኩ ሳላስበው። ጋሼ እግሬን ረገጠኝ።

ጁነይድ ጨርቁን ትንሽ ጊዜ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስንት ጥቅል ቀረ?»

«ሁለት።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ቆሞ አየዋለሁ። ካልሆነ ሥራው ቆመ።» ሻሂውን ሳይጨርስ ሄደ።

ጋሼ ዘበኛ ስለመቅጠር አሰበ፤ ዘበኛውም ጎጆ እንዳለው ትዝ ሲለው ተወው። ሐሳቡ የመጣለት የቦቴ ውኃ የሚራገፍበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ መቶ የሚሆን ጄሪካን ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ይውላል፤ ባለቤቶቹ የሉም፣ አንድም አይጠፋም። ሁሉም ላይ በቀለም የተሣለ ምልክት አለ። ምልክቱ ከግመሎቻቸው አንገት የመጣ ነው። ሱማድ ይሉታል፤ በጋለ ብረት የሚተኮስ የቤተሰብ ምልክት ነው። ግመል ሦስት ወር ጠፍቶ ቢገኝ እንኳ ያገኘው ሰው ምልክቱን አንብቦ ለባለቤቱ ይልካል።

ጋሼ በዚያው ወደ ደሃቦ ቤት ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

«ኤዶ፣ በዚህ ከተማ የማን ምልክት ነው በጣም የሚከበረው?»

ደሃቦ ጥቂት አየችው። «የሀጂ ሻርማርኬ» አለች። «ጅብ እንኳ አንብቦ ያልፈዋል።»

«ምን ይመስላል?»

በጣቷ አቧራው ላይ ክብ ሣለች፤ ከክቡ ሥር ሁለት አጭር እግር ጨመረችለት። ለምን እንደጠየቃት አልጠየቀችውም። ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከካርቶን ቆርጬ አወጣሁለት። ለመስኮት ፍሬም የመጣውን ነጭ ቀለም ከስቶር ሰጠሁት፤ በመዝገብ ላይ «ለሙከራ» ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን ሁለት ጥቅሎች ከክምሩ በታች ዳር እስከ ዳር ወጥረን በየሦስት እርምጃው የሀጂ ሻርማርኬን ምልክት ቀባንበት። ጥቁር ላይ ነጭ፣ ከሩቅ ይነበባል። ሀጂን አላማከረም። «ሰውየው ሥራ ይበዛባቸዋል» አለኝ።

አንድ ቀን አደረ። ሁለት አደረ። በሦስተኛው ቀን የሄዱት ችካሎች ሳይቀሩ ተመልሰው አጥሩ ሥር ተደርድረው ተገኙ። ጋሼ በደስታ ቁርሱን ሁለት ጊዜ በላ።

«ይህን ነገር ጁነይድ ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩትም» አለ።

እሱም ያልተማረው ነበር። በዚያ አገር ምልክት ግመል ላይ ሲሆን «ይህ የእኔ ነው» ማለት ነው። አጥር ላይ ሲሆን ደግሞ «ከዚህ ወዲያ ያለው መሬት የእኔ ነው» ይሆናል። ተዳፋቱ ደግሞ የጋራ ነው፤ የሀጂም፣ የማሃድም፣ የሌሎችም ከብት ይግጥበታል።

ማሃድ የከብት ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። በአራተኛው ቀን መስጊድ በር ላይ ሀጂን ሰው ፊት ጠየቃቸው።

«ሀጂ፣ ከቢርካው በላይ ያጠሩት ምንድን ነው?»

ሀጂ ሻርማርኬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያን ሁሉ ዕድሜ «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ስለ አጥሩ ምንም አልሰሙም። ያ ሁሉ ሰው እያያቸው የገዛ ምልክታቸው የት እንዳለ አላውቅም ሊሉ ነው?

«ያጠርኩትን አጥሬአለሁ» አሉ።

ከሰዓት በፊት ሥራው ቆመ። ሠራተኞቹን «ከሽማግሌ ቃል በፊት አካፋ አትንኩ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ከትምህርት ቤቱ በላይ ግራር ሥር ተቀመጡ፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ። የማሃድ ጥያቄ አንድ ነው፤ አጥሩ እስከ ነገ ቀትር ይነቀል። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠቁር ሰንብቷል። አጥሩ ተነቅሎ ዝናቡ ከመጣ ክምሩ በሙሉ ደሃቦ ቢርካ ውስጥ ነው።

ጋሼን ጠሩት። በመንገድ ላይ «ምን ትላለህ?» አልኩት።

«እውነቱን» አለኝ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ልምዱ የለውም።

መሐላቸው ቆመና፣ «ምልክቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ሀጂ አያውቁም» አለ።

ሀጂ ሻርማርኬ በበትራቸው መሬቱን መጫር ጀመሩ። ጋሼ ያኔ ነው የገባው፤ እውነቱን ሲናገር ሀጂን ውሸታም እያደረጋቸው ነው።

«ማለቴ» አለ፣ «ሀጂ ያውቃሉ። ግን አልነገሩኝም።»

«ሳይነግሩህ እንዴት ቀባህ?» አለ ማሃድ።

«ሐሳባቸውን ገምቼ።»

«ለምን?»

«ጨርቁ እየጠፋ አስቸገረን።»

«እየጠፋ? ማን ወሰደው?»

ሃያዎቹም ወደ ጋሼ ዞሩ። ግማሾቹ ቤት ጨርቁ እንዳለ እናውቃለን። ማሃድ ራሱ አንጥፎ የተቀመጠበት ጥቁር ነገር ዳሩ ላይ የፋብሪካው ቁጥር ይነበባል። ጋሼ ቁጥሩን አየ፣ ማሃድን አየ።

«ነፋስ» አለ።

ሀጂ ሻርማርኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «የሀርሺን ነፋስ መጥፎ ነው» አሉ በክብደት።

«በጣም መጥፎ ነው» አለ ማሃድ፣ ትንሽ ወደ ቁጥሩ እየተሸጋሸገ።

«ችካሉንም የነቀለው ነፋስ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ደሃቦ ናት። ከሴቶቹ ጋር ከዛፉ ወዲያ ተቀምጣ ነበር።

«ችካሉንም» አለ ጋሼ።

«እንግዲያው ነፋሱ ማንበብ ይችላል። የሀጂን ምልክት አንብቦ ችካሉን መልሷል።» ተነሥታ ቆመች። «የሀጂን ካነበበ የሌላችሁንም ያነባል። ከቢርካዬ የሚያጠጣ ቤተሰብ ሁሉ በድርሻው ምልክቱን ያኑርበት። የስምንት ቤተሰብ ምልክት ያለበትን አጥር ማንም የእኔ ነው አይልም፣ ማንም አይሰርቅም። ነፋስም ቢሆን። ነገ ቀትር ትነቅሉታላችሁ፣ ከነገ ወዲያ ከብቶቻችሁን ጭቃ ልታልሱ ነው?»

ማሃድ አገጩን አሸ። «የእኔ ድርሻ ከሀጂ አያንስም» አለ። በዚህ ነገሩ እንዳለቀ ሁሉም አወቀ።

በዚያው ከሰዓት አጥሩ በእርምጃ ተከፈለ። እርምጃው ራሱ ጠብ ሆነ፤ የማሃድ እግር ይረዝማል። ዘጠኝ ዘጠኝ እርምጃ ለስምንት ቤተሰብ ሲደርስ መሐል ላይ አንድ ዘጠኝ እርምጃ ተረፈ፤ ልክ ከክምሩ ሥር፣ ውኃው በጉልበት የሚወርድበት ቦታ። ማንም አልፈለገውም።

«ይሄ የማን ይሁን?» አሉ።

«አፈሩን ያመጣው ሰው» አለች ደሃቦ።

«እኔ ግመል የለኝም፣ ምልክት የለኝም» አለ ጋሼ።

«ፍጠር።»

ጋሼ ብሩሹን ተቀብሎ ቀጥ ያለ መሥመር ሣለ፤ ጫፉ ላይ ሹል ፍሬ አንጠለጠለ። ሀጂ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«ይህ ምን እንስሳ ነው?»

«ቱንቢ ነው፣ ሀጂ። ግንበኛ ጠማማውን ከቀጥታው የሚለይበት።»

«እና አንተ ጋ ምን ይሠራል?» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ሲሞክር ምርኩዙን ጣለ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ በማንኛውም ደመወዝ አይገኝም። እኛ የጨርቁን እግር አልቀበርነውም ነበር፤ ጁነይድ ሥሎ ሲያሳየን ጋሼ «ይበቃዋል» ብሎ ዘሎታል። ማሃድ አይቶ ሳቀ፣ በድርሻው አንድ ስንዝር ቦይ አስቆፍሮ የጨርቁን ጫፍ አስቀበረ። ሀጂ ሁለት ስንዝር አስቆፈሩ። ማሃድ ድንጋይ ጨመረ። ሀጂ ድንጋዩን በልጅ ልጆቻቸው አስረገጡ። ስምንቱም ቤት ወንድሞቹን፣ አማቾቹን ጠርቶ አመጣ። የቱንቢው ድርሻ ብቻ እንደነበረ ቀረ፤ ሠራተኞቻችን የሌሎቹን ውድድር ሲያዩ ዋሉ።

ጁነይድ በማግስቱ መጣ። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ተራመደው፣ ዘጠኙንም ምልክት አየ፣ የተቀበረውን እግር በጫማው ሞከረ።

«ይህ አሠራር ከየትኛው መመሪያ ነው?» አለ።

«ከግመል አንገት» አለ ጋሼ። ጁነይድ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ ብዙ ጊዜ አሰበና ምንም ሳይጽፍ ዘጋው።

ዝናቡ ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ድምፁ። ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሁሉም ወደ አጥሩ ሮጠ። ደሃቦ የቢርካዋን መግቢያ በድንጋይ ዘግታ ከላዩ ቆመች። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከየምልክቱ ኋላ ተሰለፈ። ቀይ ውኃ ከክምሩ እየተንደረደረ መጥቶ ጨርቁ ላይ ተኛ፤ ከወዲህ በኩል ጠፈፍ እያለ ነጣ ብሎ ወጣ።

«ሀጂ፣ የእርስዎ ያንጠባጥባል» ይላል ማሃድ ከላስቲክ ሥር።

«ያንተ ተሸንፎ ሽንቱን ለቋል» ይላሉ ሀጂ።

በዚህ መሐል የቱንቢው ድርሻ ሆዱ ተነፋ። እግሩ ስላልተቀበረ ጭቃው ከሥር መሹለክ ጀመረ፤ አንድ ችካል ዘመመ። ጋሼ አየው፣ አካፋ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ዞረና ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ለጨርቁ ሰጠ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

«አይዳ፣ ከረጢት» አለኝ።

ከስቶር የሲሚንቶ ከረጢት ጠጠር እየሞላሁ መጎተት ጀመርኩ። አንድ ሳስቀምጥ ሌላ ቦታ ይከፈታል። ጭቃው ወገቡ ደረሰ። ሀጂ ከግራው፣ ማሃድ ከቀኙ ቆመው ያያሉ። ሁለቱም መርዳት እንደፈለጉ ያስታውቃል፤ ግን ድርሻውን ቀድሞ ጥሎ የሄደ ሰው በሀርሺን እስከ ዕለተ ሞቱ ይነገርበታል። ሀጂ ማሃድን አዩ። ማሃድ ሀጂን አየ። ከዚያ እንደተነጋገሩ ሁሉ እኩል እግራቸውን አነሡ፣ በእኩል እርምጃ መጡና አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ጭቃው ውስጥ ተቀመጡ። ሦስት ጀርባ ጨርቁን ያዘ። የሁለቱም ሰዎች ተከትለው መጡ፤ አንዱ ድንጋይ ያቀብላል፣ አንዱ ችካል ይመታል። ዝናቡ አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሀጂ ሙሉውን ጊዜ ለጋሼ ቱንቢው እንደጠመመ ይነግሩት ነበር።

ከቢርካው በላይ በኩል ያለው አፈር ጨርቁ ላይ እስከ ጉልበት ተቆልሎ ቀረ። ደሃቦ የመጀመሪያውን ድፍርስ ውኃ በጎን አሳልፋ፣ ነጣ ሲልላት ድንጋዩን አነሳች። ውኃው ቢርካው ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን ሁሉም ሰው ቆሞ ሰማ። ሲያባራ ከወለሉ እስከ አራተኛው የመውረጃ ደረጃ ሞልቷል። መጀመሪያ ለአንዷ ፍየል ሰጠች። ፍየሏ ጠጣች። ከዚያ በሁለት ጣሳ ቀድታ ለሀጂና ለማሃድ በአንድ ጊዜ በየእጃቸው ሰጠቻቸው፤ አንድ ጣሳ ብትሰጥ ማን ይቅደም የሚል ሌላ ጉባኤ ይሆን ነበር። ለጋሼ የሰጠችው በመጨረሻ ነው።

ጠጣና ጣሳውን መለሰላት። «ኤዶ፣ ምልክቱ ጠብ እንደሚያነሳ ታውቂ ነበር?»

«አንተ አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔ ብቻዬን አጥር ይዤ የምቆም ይመስልሃል? አርባ ሰው ያስፈልገኝ ነበር» አለች። ወደ አጥሩ ዞራ በዓይኗ ቆጠረች። «ሠላሳ ሁለት መጣ። ይበቃል። አሁን ገና አንድ ዝናብ ነው፤ ክምሩን አንሳልኝ።»

ጋሼ ሰው ሲቀድመው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን የእጅ ጋሪ የገፋው እሱ ነበር። ጀርባው ስለታመመ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ገፋ፤ የቀረውን ሠራተኞቹና የማሃድ አህዮች በአሥራ አንድ ቀን ጨረሱት። ሻሂ ቤት ሲያወራ ግን ክምሩን ብቻውን እንዳነሳው ነበር የሚናገረው። ሀጂና ማሃድ አጠገቡ ተቀምጠው ይሰሙታል፤ አንዳቸውም አርመውት አያውቁም።